«ይቀረኛል» ይሉ የነበሩት ሐኪም

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፣ የሥራ ባልደረቦችና ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ሁሉ፤ ይህን የሕይወት ታሪክ የማነበው የሟቹ ዶክተር የእኅት ልጅ ነኝ። አብዛኛውን የሰማሁት ከእናቴ፣ የቀረውን ከራሳቸው ከአጎቴ አንደበት በመሆኑ፣ ዘመኑን ወይም ቅደም ተከተሉን ያዛባሁበት ቦታ ሊኖር ይችላል፤ የተሳሳትኩትን የሚያውቅ ቢኖር ያርመኝ።

አጎታችን ዶክተር ከአውቶቡስ ሾፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ያደጉበት ቤት ሁለት ክፍል ነበረው፤ በፊተኛው መስኮት ሥር የእናታቸው የስፌት መኪና፣ በኋለኛው ደግሞ ልጆቹ የሚያጠኑበት አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነበሩ። አንደኛው ወንበር የእርሳቸው ሲሆን ሌላው በልጅነቱ ስለ ቀረ «አንቱ» ለመባል ያልደረሰው የታላቅ ወንድማቸው ነበር። ሐኪም እሆናለሁ ይል የነበረው ይህ ወንድማቸው ነው። እርሳቸው የሚወዱት ቤት መሳል ስለነበረ፣ የሒሳብ ደብተራቸው ሳይቀር በደረጃና በመስኮት ተሞልቶ መምህሩ «እዚህ ቤት ውስጥ ሒሳቡ የት ነው የሚያድረው?» ብለው ክፍሉን እንዳሳቁባቸው እናቴ ታስታውሳለች።

ወንድማቸው የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ሊወስድ በተቃረበበት ወቅት መክሳትና ያለ ልክ ውኃ መጠጣት ጀመረ። ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ቧንቧው፣ ከቧንቧው ወደ መጸዳጃ ቤት፣ ከዚያም እንደገና ወደ ቧንቧው ሲመላለስ ይውል ነበር። ቤተሰቡ ጥናት ያከሳው ስለመሰለው አባታቸው «ፈተናው ሳይመጣ ፍርሃቱ ቀድሞ በላው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እናታቸው ደግሞ ከስፌታቸው ቀና ባሉ ቁጥር በትልቅ ብርጭቆ ውኃ ስኳር በጥብጠው «ጠጣ የኔ ጌታ፣ አቅም ይሆንሃል» እያሉ ይሰጡታል። ልጁ ጣፋጩን በጠጣ መጠን ይብስ ይጠማል፤ ይብስ በተጠማ መጠን እናቱ አብዝተው ይበጠብጡለታል። በመጨረሻ ትውከትና ከባድ ትንፋሽ ተከታትለውበት ሆስፒታል ሲገባ መሽቶበት ነበር። ድካም ያዛለው አንድ ሐኪም ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ «ምን እንደሆነ ሳንደርስበት አመለጠን» ብሏቸው ሄደ።

«ልጄን ምን ገደለብኝ?» የሚለው የእናታቸው ጥያቄ የተጀመረው በዚያ ኮሪደር ነው። የሚመልስ ስለጠፋ፣ ዛሬ የምንሸኛቸው ታናሽ ወንድም «እማዬ፣ እኔ ተምሬ እነግርሻለሁ» አሉ።

የሥዕል ደብተራቸውን ዘግተው በወንድማቸው መጻሕፍት አጠኑ፤ በመጀመሪያው ፈተና ለሕክምና የሚያበቃ ነጥብ ባለማምጣታቸው ደግመው ተፈትነው ሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። ለዕረፍት ቤት በመጡ ጊዜ ሁሉ እናታቸው የስፌት መኪናውን ፔዳል አቁመው «አገኘኸው?» ይሏቸዋል፤ እርሳቸውም «ይቀረኛል እማዬ፤ ዘንድሮ የተማርነው አጥንት ነው» ይላሉ። «የኔ ልጅ በአጥንት አልሞተም! ምናለ አስተማሪዎቹ ቶሎ ቢያልፉት?» ይሉ ነበር እናታቸው። ሕመምተኛ አልጋ ዘንድ ቆመው መማር ሲጀምሩ «ይኼ የኢንተርን ድርሻ ነው» አሉ፤ ኢንተርን ሆነው ሌት ተቀን በዎርድ ሲሮጡ በከረሙበት ዓመት ደግሞ «ይኼስ የስፔሻሊስት ነው» አሉ። በተመረቁ ዕለት እናታቸው በገዛ እጃቸው የሰፉትን ቀሚስ ለብሰው መጥተው፣ ፎቶ አንሺው «ፈገግ በሉ» እያለ ሲለምናቸው ወደ ልጃቸው ዞረው «አሁንስ?» ብለው ነበር። ያ ፎቶግራፍ አሁንም አለ፤ እናትየው ልጃቸውን ያያሉ፣ ልጅየው የራሳቸውን ጫማ ያያሉ።

ከምረቃ በኋላ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ በጠቅላላ ሐኪምነት አገለገሉ። በዚያም ከፋርማሲስት ባለቤታቸው ጋር ተዋውቀው ትዳር መሠረቱ፣ ሴት ልጅና ወንድ ልጅም አፈሩ። ባለቤታቸው እንደሚናገሩት፣ ዶክተር በዚያ ረክተው መኖር፣ በዕረፍት ቀናቸውም ቤት መሳል ይፈልጉ ነበር። ነገር ግን ያ «አሁንስ?» በስልክም ይደርሳቸው ስለነበረ የስፔሻላይዜሽን መግቢያ ፈተና ተፈትነው በውስጥ ደዌ ሬዚደንት ሆኑ፤ ስፔሻሊስት ሆነው እንደ ጨረሱም ገና ሳያርፉ በዕጢዎችና በሆርሞን በሽታዎች ሰብ ስፔሻሊቲ ቀጠሉ። በቤተሰቡ ዘንድ ስማቸው «ዶክተር ይቀረኛል» ሆነ። አባቴም «ሰው ተምሮ ይወጣል፣ ይህ ሰውዬ ተምሮ ይገባል» ይሏቸው ነበር። እናታቸው ግን ለጎረቤት «የሚፈልገው በሽታ ቀላል አይደለም፤ አስተማሪዎቹም አላወቁት» እያሉ ይኮሩባቸው ነበር።

በሥራቸው የሚያውቋቸው ሁሉ የሚመሰክሩት አንድ ልማድ ነበራቸው፤ የምርመራ ክፍላቸውን በር ከኮሪደሩ የውኃ ቧንቧ ትይዩ ከፍተው ይቀመጡ ነበር። ወጣት ሆኖ የከሳ፣ እየተነሣም ወደ ቧንቧው የሚመላለስ ሲያዩ ተራው ሳይደርስ ይጠሩታል። ወረፋ የያዙት «ዶክተር፣ እኛ ከጠዋት ጀምሮ ነን እኮ!» ሲሉ «እናንተ መቆጣት ችላችኋል፣ እሱ አልቻለም» ይሉ ነበር። ወጣቱን ከማነጋገራቸው በፊት ጎንበስ ብለው ትንፋሹን ያሸታሉ፤ የበሰበሰ ፍሬ የመሰለውን ሽታ ካገኙ ፊታቸው ይለወጣል። አብረዋቸው የሠሩ ነርስ እንደነገሩኝ በእንዲህ ያለ ሰዓት ወጣቱን በስሙ አይጠሩትም ነበር፤ የሚጠሩበት ስም ሁልጊዜ አንድ ሲሆን በካርዱ ላይ የተጻፈው ግን አልነበረም። ነርሷም ወጣቶቹም አርመዋቸው አያውቁም።

በቤታቸው ስኳር አይገባም ነበር። እናታቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ በወረቀት ጠቅልለው የራሳቸውን ይዘው ይመጡና የልጅ ልጃቸውን ሻይ «ጠጣ የኔ ጌታ» እያሉ ሲያማስሉለት፣ ዶክተር ብድግ ብለው ከክፍሉ ይወጡ ነበር። ልጆቻቸው አባታቸው በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ የማንኪያው ድምፅ እስኪያበቃ መቆማቸውን ያስታውሳሉ።

እናታቸው አርጅተው በታመሙ ጊዜ ዶክተር ሌሎች ስፔሻሊስቶችን የሚያሠለጥኑ ሐኪም ሆነው ነበር። እናትየው በመጨረሻ «አገኘኸው?» አሏቸው። «ይቀረኛል እማዬ» አሉ። እናትየውም «እንግዲያስ አንተ ያላወቅኸውን ማንም አያውቀውም፤ ከሰው አቅም በላይ ነበር ማለት ነው» ብለው የልጃቸውን እጅ ያዙ፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቁም፣ በዚያው ሳምንትም በሰላም አረፉ።

ከቀብሩ መልስ ዶክተር እናቴን ወደ ኋለኛው ክፍል ጠርተው «ስኳር በሽታ ነበር» አሏት። እናቴ ያ በሽታ የባለጸጋና የሽማግሌ ይመስላት ስለነበር ደነገጠች። እርሳቸውም ወንድማቸውን የገደለው በጊዜ ኢንሱሊን አለማግኘቱ እንደሆነ፣ የተበጠበጠው ስኳር ባይኖርም ከሞት እንደማይተርፍ አስረዷትና «እናት ግን ይህን ሁሉ አትሰማም፤ የምትሰማው ስኳሩን ብቻ ነው» አሏት። «መቼ ነው ያወቅኸው?» ስትላቸው «መጨረሻ ላይ» ብለው ወጡ። እናትየውም ልጅየውም ዛሬ ስለሌሉ ይህን የማነበው በእናቴ ፈቃድ ነው።

ዶክተር ባለፈው ዓመት በአንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ግራ ጎናቸው ሰነፈ፤ ንግግራቸውም ተቆራረጠ። ልጆቻቸው በፈረቃ ሲያስታምሟቸው፣ እርሳቸው በሩ ክፍት ካልሆነ ዕረፍት አያገኙም ነበር። አንዳንዴም ማንም በሌለበት ወደ በሩ እያዩ ያንኑ ስም ይጠሩና «ና ግባ፣ ተራ አትጠብቅ» ይሉ ነበር። በተወለዱ በስልሳ አራት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

ዶክተር ባለቤታቸውን፣ ሴትና ወንድ ልጃቸውን፣ አንዲት እኅታቸውን፣ እኛን የእኅታቸውን ልጆች፣ በየሆስፒታሉ ያሠለጠኗቸውን ሐኪሞች፣ ከቧንቧው ሥር ጠርተው ያተረፏቸውንም ትተው ሄደዋል። ሌላውን ስታሳርፍ የኖረችውን ይህችን ነፍስ ፈጣሪ በምሕረቱ ይቀበላት፣ ጥያቄ በሌለበት ስፍራም ያሳርፋት፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥ።

ከላይ ያለውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ሳላጣራ ላነበው ያልደፈርኩት አንድ ነገር ነበር። ከእርሳቸው ጋር የተማሩትንና አሁን በመካከላችን የተቀመጡትን ሐኪም ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የስኳር በሽታ ትምህርት ለሕክምና ተማሪዎች የሚሰጠው ገና በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ትምህርቱ በተሰጠበት ዕለት አጎቴ ክፍል ውስጥ ነበሩ።