አንድም መኪና የማይገጥምበት መንገድ

በእኛ ጊዜማ መንገድ የሚመረጠው ያደርሳል ወይ ተብሎ ነበር እንጂ ያምራል ወይ ተብሎ አልነበረም። አንተ ልጅ፣ እስቲ ስልክህን አስቀምጥና ስማኝ። «ጸጥ ያለ፣ ተራራ ተራራው የሚታይበት መንገድ ነው የምንሄደው» አልክ? አዬ! እኔን ጠይቀኝ እንጂ!

በደርግ ጊዜ ነው፣ የቅበላ እሁድ ተሞሸርኩ። ከእኛ ከደባርቅ ወደ አያትህ አገር ወደ ዳባት ልንሄድ። እና እናቴ ጆሮዬ ስር ጠጋ ብላ፣ «ልጄ፣ ሳይመሽ ግቡ። ነገ ዐቢይ ጾም ነው። የባልሽ የንስሐ አባት ጥብቅ ናቸው አሉ፣ ጾም ከገባ ሥጋም የለ፣ አልጋም ለየብቻ ነው፣ እስከ ፋሲካ» አለችኝ። ገባህ? ሃምሳ አምስት ቀን! ዳባት ደግሞ እዚሁ ነው፣ በዋናው መንገድ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ታዲያ የአያትህ ሚዜ፣ አስማረ የሚባል፣ ከአለቃው ለምኖ ላንድሮቨር ይዞ መጣ፣ ነጂውም እሱው ነው። እና ገና ሳንነሳ፣ «በዋናው መንገድ አንሄድም!» አለ።

«ለምን?» አለው አያትህ።

«የወታደር መኪና ነው የሚግተለተልበት፣ ሙሽራዋን አቧራ እናልብሳት? በገደሉ አፋፍ አዲስ መንገድ ተከፍቷል። የስሜን ተራራ ወለል ብሎ ይታያል፣ አንድም መኪና አይገጥመንም!»

አያትህም፣ «እንግዲህ አስማረ ያውቃል» አለ። እኔስ? እኔማ ዓይነ ርግቤን ለብሼ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ሙሽራ ይናገራል እንዴ! በሆዴ ግን፣ መኪና የማይሄድበት ምን ሆኖ ነው እላለሁ።

እውነቱን ነው፣ አንድም መኪና አልገጠመንም። እሱ ግን በየኩርባው ያቆማል። «እይማ ሙሽሪት፣ ያንን ገደል እይ!» በዓይነ ርግብ ምን ይታየኛል! «እይማ፣ ጭላዳ!» ጭላዳውን ምን ላድርገው? እኔ የሚታየኝ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው።

ታዲያ ሄደን ሄደን መንገዱ ቁርጥ አለ። አለቀ! ከፊታችን የታረሰ ማሳ። አንድ ገበሬ አፉን እየጠረገ ከቤቱ ወጣ።

«መንገዱ የታለ?» አለ አስማረ።

«መንገዱማ ይኸው።»

«ቀሪው!»

«እሱ ማዶ ነው። ከደባርቅ በኩል እኛ ቆፈርን፣ ከዳባት በኩል እነሱ ቆፈሩ፣ መሃሉ የእናንተ ነው የእኛ ነው ስንባባል ቀረ።»

«ተመርቋል እኮ! ሪፖርቱን በዓይኔ አይቻለሁ!»

«አዎ፣ በሁለቱም በኩል ተመርቋል» አይለው መሰለህ!

እና አስማረ መኪናውን ሊያዞር ሲል የኋላው ጎማ ቦይ ገባ። ገበሬው፣ «ጎረቤቱ ሁሉ ቅበላ ላይ ነው፣ በልተው ሲጨርሱ እጠራላችኋለሁ። እስከዚያ ግቡ፣ በግ አርደናል» አለ፣ ነፍሱን ይማረውና። ርቦኝ ልሞት ነው፣ ልነሳ ስል አስማረ፣ «የለም! የሙሽራ ሆድ ለአማቷ ድግስ ነው!» አለ። ይህን ሰው ምን ትለዋለህ? ምን ትለዋለህ እኮ!

ሰዎቹ በልተው ጠጥተው ሲመጡ መሽቷል። ጎማውን አወጡልን፣ ግን በዚያ ገደል በጨለማ ማን ይነዳል? እዚያው መኪና ውስጥ ተኮራምተን አደርን። ዳባት የደረስነው ሰኞ ረፋዱ ላይ ነው። ዳሱ ባዶ። አማቴ፣ «በሬው አለቀ ልጄ፣ ሰዉ ጾም ሊገባብን ነው ብሎ ጨረሰው። ሽሮ አለልሽ፣ እሱም ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን» አሉኝ። በሰርጌ ሽሮ፣ ያውም በቀጠሮ! የንስሐ አባታችን ደግሞ መስቀላቸውን አሳልመው፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ ልጆቼ። ሙሽራው ከወንዶቹ ጋር፣ ሙሽሪት ከአማቷ ጋር ትተኛለች» አሉ። በቃ።

ይሄ አስማረ ታዲያ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሎ፣ «መንገዱ ግን አያምርም ነበር?» አለ።

ዓይነ ርግቤን ገለጥኩና፣ «አስማረ፣ ውጣ!» አልኩት። በአማቴ ቤት መጀመሪያ የተናገርኩት እሱን ነው።

«አያቴስ ምን አለ?»

«አያትህማ በሩን ከፈተለት።»