ንቅሳት የሚያጠፋው መብራት

ከሮብ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ስንወርድ፣ ከፊቴ እናትና ልጅ ይነታረካሉ። ቄሱ ሲገስጹኝ የሚደነቁረው ጆሮዬ ለወሬ ጊዜ ደህና ነው።

«እማ፣ ነርስነት ተምሬ እስከ መቼ ቤት ልቀመጥ? አዲስ አበባ ሄጄ ሌዘር ልማር። ካልመረቅሽኝ ግን ከመናኸሪያ አልሳፈርም።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«በማሽን መብራት ቆዳ ላይ መሥራት ነው። የማይፈለግ ፀጉር ያነሳል፣ ንቅሳት ያጠፋል።»

«ንቅሳት? ይኸን የአንገቴን ጌጥ?»

ከጎናቸው የተቀመጠች፣ እሷም አንገቷን የተነቀሰች ሴት ወደ ልጅቷ ዘወር አለች።

«እታለም፣ ይኸ የኔም ይጠፋል? ሆቴል ስሠራ ሰዉ ሁሉ እሱን ነው የሚያይ።»

«ይጠፋል። ባንድ ቀን ግን አይደለም፣ እየተመላለሱ ነው።»

«ማርቆስ አለ?»

«እኔ እስከማውቀው የለም። ተምሬ፣ እዚያው ተቀጥሬ እጄን ካፍታታሁ በኋላ ማርቆስ ልከፍት ነው ሐሳቤ።»

«እንግዲያ ቶሎ ተምረሽ ነይ! የመጀመሪያዋ ገበያሽ እኔ ነኝ።»

«አየሽ እማ? ገና ሳልማር ደንበኛ አገኘሁ!»

«እኔ እያለቀስሁ፣ አክስቶቼ እጅና እግሬን ይዘው ያስነቀሱኝን አንች ልታጠፊው!»

«ያንችን ማን ነካው?»

«እንዲያ ከሆነ ሂጅ፣ ይቅናሽ ልጄ፣ መርቄሻለሁ። ስትመለሽ የሷን አጥፊ እንጅ፣ ያን መብራትሽን ወደኔ አንገት እንዳታዞሪ!»

እኔ ደግሞ ኮራ ብዬ ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ፣ የአንገቴን ንቅሳት በመስኮቱ ነፋስ አስመታሁት።