ከኋላ የሚነዳው ሰው

ሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሽማግሌው ዳርማጂ የሟች ወንድማቸውን ብስክሌት እየገፉ በጃቫ ደሴት ከባንቱል ገበያ ጀርባ ወዳለው የፓይማን ብስክሌት መጠገኛ ደረሱ። ሊሸጡት ነበር። ወንድማቸው ሳርጆኖ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ የዓመቱ ጸሎትና ድግስም ተደርጓል። ያ ብስክሌት ግን በረንዳቸው ላይ ተደግፎ ባዩት ቁጥር ፊታቸውን አዙረው ያልፉ ነበር።

ፓይማን ጎማውን ተጭኖ አየና፣ «ይሄንስ ባይሸጡት» አለ።

«ዋጋውን ንገረኝ፤ ምክሩን ለሚስትህ አቆየው።»

በዚህ መሃል ወኒንግ የእናቷን ብስክሌት እየገፋች ስትገባ ተገጣጠሙ። ወኒንግ የሳርጆኖ ልጅ ናት፤ ዮግያካርታ ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። የአባቷን ብስክሌት እዚያ ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ። ሆኖም ታናሽ ታላቁን በሰው ፊት አይጠይቅምና፣ ጎንበስ ብላ የአጎቷን እጅ ግንባሯ ላይ አስነካች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ፓክዴ።» የአባትን ታላቅ ወንድም በጃቫ እንዲህ ነው የሚጠሩት።

«ወአለይኩም ሰላም። የእናትሽን ብስክሌት ምን ልታደርጊው ነው?»

«ፍሬኑን ላሠራ። እማዬ አባዬ ከሞተ ወዲህ ከቤት አትወጣም፤ በዕረፍቴ ይዣት ሜኖሬ ኮረብታዎች ልሄድ ነው፤ በብስክሌት፣ መሪ ካለው አነስተኛ ቡድን ጋር። እሷ ግን ‹ፓክዴሽ እሺ ካሉ ብቻ› ብላለች። ማታ ቤት መጥቼ ልለምንዎት ነበር።»

ሽማግሌው ከደጁ አግዳሚ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ብስክሌት አባትሽን በላው። አሁን ደግሞ እናትሽን ልትጨምሪለት?»

ፓይማን አንገቱን ደፍቶ ብሎን መፈለግ ጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሳርጆኖ የሞተው ከአራት መቶ በላይ ሰው አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሶ በወጣበት ትልቅ የብስክሌት ጉዞ ላይ ነው። ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ቀረ። የሚያልፈው ሁሉ «ደህና ነህ ወይ?» ይለዋል፤ እሱም ፈገግ ብሎ «ቅደሙ፣ ቅደሙ፤ ሩዙን እያየሁ ነው። እንዴት ያምራል ዘንድሮ!» ይላል። በዚያ አገር ሰውን ማስቸገር ነውር ነው፤ ደክሞኛል ብሎ ሌላውን ማቆም ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነውር። ዳርማጂ መጨረሻው ላይ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ምሳ ይዘው ሲጠብቁት፣ እሱ ከአንድ የኮኮናት ዛፍ ሥር ተደግፎ አርፎ ተገኘ።

«ፓክዴ፣» አለች ወኒንግ፣ «አባዬን የገደለው ብስክሌት አይደለም።»

«ታዲያ እኔ ነኝ?»

«አላልኩም። አራት መቶ ሰው ሲያልፈው የእሱ ነገር የማንም ኃላፊነት አልነበረም ማለቴ ነው።»

ፓይማን ስኳር የበዛበት ሻይ አምጥቶ በመካከላቸው አስቀመጠ። ሽማግሌው አንድ ፉት አሉና ሌላ መንገድ ያዙ።

«እሺ፣ ዕረፍት ካሻችሁ የሰፈሩ አውቶቡስ አለ አይደል? ሃምሳ ሰው፣ ዘፈኑ፣ ሳቁ። እናትሽ ሰው መሃል ትቀመጣለች።»

«አምና ሄደው ነበር። ምን አዩ?»

«ባሕር።»

«ስንት ጊዜ?»

ዳርማጂ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። «እውነቱን ልንገርሽ? ያየሁት ከፊቴ የተቀመጡትን የጎረቤታችንን የወይዘሮ ሱሚያቲን ማጅራት ነው። ደግሞ አምስት የጣፋጭ ሱቅና ሰባት ሽንት ቤት። ለጎረቤት ስጦታ ስገዛ ውዬ ባሕሩ ጋ ስንደርስ ዝናብ መጣ።»

«ይኸውልዎት!»

«ቆይ፣ አትቸኩይ። መሪ የሚባለው ነገርስ? እኔ ኮኮናት ጭኜ ይሄን አገር በብስክሌት ስዞር አባትሽ ገና ዳዴ ይል ነበር። አሁን አንድ ፉጨት ያንጠለጠለ ጎረምሳ መንገዱ ወዲህ ነው ሊለኝ? ለዚያውም ከፍዬ?»

«መንገዱንማ እኔም አውቀዋለሁ። የምከፍለው ለመንገዱ አይደለም።»

«ለምንድን ነው ታዲያ?»

«እማዬን ለሚያይልኝ ዓይን። እኔ ልጇ ነኝ፤ ለእኔ ደከመኝ አትልም። ዕረፍቷን አላበላሽባትም ብላ እየሳቀች ትወድቃለች። ያውቋታል።»

ሽማግሌው ያውቋታል።

ወኒንግ እንዴት እንደመረጠች ነገረቻቸው። መጀመሪያ የጠየቀችው አስጎብኚ ሠላሳ ሰው እንደሚወስድ፣ ፎቶግራፉ የሚያምር እንደሚሆን ነግሯት፣ ስለ ቀረው ነገር «አያስቡ» አላት። ሁለተኛው መልስ ከመስጠቱ በፊት ራሱ ጠያቂ ሆነ፦ እናትሽ ዕድሜዋ ስንት ነው? የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች? ለመጨረሻ ጊዜ ዳገት የወጣችው መቼ ነው? ከስምንት ሰው በላይ አይወስድም። አንድ መሪ ከፊት፣ አንድ ከኋላ ይነዳል፤ የኋላው የመጨረሻውን ሰው በምንም ምክንያት አልፎ አይሄድም። መኪናም ይከተላቸዋል።

«ይሁን። ግን የኋላው ሰው ‹ደከመዎት?› ሲላት ‹ኧረ ምንም አልል› ትላለች። ያኔስ?»

«እኔም ይህንኑ ጠየቅሁት፤ ከኋላ የሚነዳው እሱ ራሱ ነው። ‹አልጠይቅማ› አለኝ። ‹እኔም የጃቫ ልጅ ነኝ፤ ከጠየቅኋቸው ደህና ነን ይሉኛል። ስለዚህ እኔ እወርድና፦ ወገኖቼ፣ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ፣ ትንሽ ልረፍ እላለሁ። ያኔ ሁሉም ለእኔ አዝኖ ይቀመጣል።›»

ዳርማጂ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ይዋሻል!»

«ነውሩን ራሱ ይሸከመዋል፣ ፓክዴ። ሰው ሳያፍር እንዲያርፍ።»

«ጊዜውን በምን ያውቀዋል?»

ወኒንግ መልሱን ለመናገር አመነታች። ብርጭቆውን በእጇ አዞረችው። «ሰው ሲደክመው ቀልድ ያቆማል አለኝ። ከዚያ ብስክሌቱን አቁሞ አገሩን ማድነቅ ይጀምራል። ‹ሩዙ እንዴት ያምራል› ያለ ሰው ዳግመኛ አይነዳም፤ ወዲያው አስቀምጠዋለሁ አለኝ።»

ከገበያው በኩል የዶሮ ሻጮች ጫጫታ ይሰማ ነበር። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ዓይናቸውንም በዚያው።

«የአባትሽን ነገር ነግረሽው ነው?»

«አልነገርኩትም። ከራሱ ነው የመጣው።»

«አራት መቶ ሰው ሰማው» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «አራት መቶው ሁሉ ‹አዎ፣ ያምራል› ብሎት አለፈ።»

«አዎ፣ ፓክዴ።»

«ከስምንቱ ቦታ ስንት ቀርቷል?»

«ከእኔና ከእማዬ ሌላ አንድ። ምነው?»

«ያን ልጅ ካላየሁት አላምነውም። ከኋላው ሆኜ እጠብቀዋለሁ።»

«ከእሱ ኋላማ ማንም አይነዳም!»

«እሺ፣ ከፊቱ እሆናለሁ፤ ደግሞ ክርክር!» አሉና ወደ መጠገኛው ዞሩ። «ፓይማን፣ የዚህንም ፍሬን እይልኝ። ሽያጩ ቀርቷል።»

«እኔስ ምን ብዬ ነበር?»

«ምክርህን ለሚስትህ ብዬህ አልነበር? ሥራህን ሥራ።»

ለዕረፍት ጉዞ ስንመርጥ ብዙዎቻችን ዋጋውንና ቦታውን ጠይቀን እንበቃለን። ወኒንግ ግን የመጨረሻውን ሰው ማን እንደሚጠብቀው ጠየቀች። ትንሽ ቡድን በዝግታ ስለሚሄድ ሰውና አገር ይተያያሉ፤ በመንደር ሲያልፍ ሻይ ይፈላለታል፤ ማንም ስም የለሽ ሆኖ አይቀርም። ያዘነ ሰውም እንደ ወኒንግ እናት ቤት ተዘግቶ ከመቀመጥ፣ ጉልበቱ በሚችለው መጠን ንፋስ ቢነካው እንቅልፍ ያገኛል። መተሳሰብ መልካም ባሕል ነው፤ ነገር ግን ሰው ድካሙን ደብቆ እስኪሞት ድረስ ከሆነ መታረም ይገባዋል። ማረሚያውም ባሕሉን መናቅ አልነበረም፤ ያ መሪ በዚያው ጨዋነት ተጠቅሞ ሰውን አሳረፈ።

ሐምሌ ላይ ሦስቱም ሄዱ። በሁለተኛው ቀን አንድ ዳገት አጋማሽ ላይ ዳርማጂ ከብስክሌቱ ወረዱና ማንም ሳይጠይቃቸው «ደክሞኛል» አሉ። እስከ ማታ ድረስ መኪናው ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው ተጓዙ፤ በማግስቱ ጠዋት እንደገና ነዱ።