ሳይሰነጠቅ የታየው ኮክ

የሐምሌ ጉም ፒያሳን ሲውጣት እወዳለሁ፤ ሰውም ቤቱም በሕልም የሚታይ ይመስላል። አንድ ጠዋት ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ላይ ስወጣ ከጉሙ ውስጥ መጥረቢያ የያዘ ሽማግሌ ብቅ አለ። ጎረቤቴ ጋሼ እሸቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡት ልብስ ሰፊ።

“ምን ሊቆርጡ ነው በማለዳ?”

“የሟቿን ኮክ።”

ክው አልሁ። ባለቤታቸው የተከሉት ዛፍ ነው፤ በየሐምሌው ፍሬውን በሳህን ለጎረቤት ማዳረስ የቤታቸው ወግ ነበር።

“ሦስት ዓመት ሙሉ ተላ! የላክሁለት ሁሉ በቢላዋ ሰንጥቆ፣ መርምሮ ነው የሚበላው። እስከ መቼ ልፈር? ዓይን በልቶታል።”

ከደጃቸው ስንደርስ ተስኒም ትጠብቃለች፤ የጎረቤታችን የወይዘሮ ከዲጃ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነፍሳትን የምታጠና።

“ጋሼ፣ መጀመሪያ ይህን ይዩልኝ። የሰጡኝን ኮክ ሳልሰነጥቅ በየቀኑ ራጅ አነሳሁት።”

“ለኮክ ራጅ? ሳል ያዘው እንዴ?”

ሳቅን። ስልኳ ላይ ያለውን ምስል ልናይ ተጠጋን። በግራጫ ጭጋግ መሃል ኮኩ ዘሩን አቅፎ ይታያል፤ አጠገቡ ትንሽ ትል ጥቅልል ብሎ ተኝቷል።

“ልጣጩ እኮ ደህና ነበር! በየት ገባ?”

“ዝንቧ ልጣጩን ወግታ እንቁላሏን ትጥልበታለች። እርስዎ የተኮሱት ልብስ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ይታያል?”

“ካውያ ካለፈበት? ምኑ ይታያል!”

“ይኸው የመጨረሻው ምስል፤ ትሉ የለም። ወጥቶ አፈር ይገባል፣ ዝንብ ሆኖ ይመለሳል። የወደቀውን ፍሬ ምን ያደርጉታል?”

ሽማግሌው መጥረቢያውን አስደገፉ። “ከሥሩ እቀብረዋለሁ። እሷ ‘የዛፉን ለዛፉ’ ትል ነበር።”

“እውነታቸውን ነው፤ ግን መጀመሪያ ይቀቅሉት። ያልበሰለውን ደግሞ ገና ዛፉ ላይ ሳለ በስስ ጨርቅ ከረጢት ይሸፍኑት። መስፋቱ መቼም አያቅትዎትም።”

ዓይን በላው ብሎ መቀመጥ ቀላል ነው፤ ጋሼ እሸቴ ግን መነጽራቸውን አምጥተው ምስሉን ደግመው አዩ። ዛፉ ተረፈ፤ የተቆረጠው የሳሎናቸው መጋረጃ ነው።

በዓመቱ ያ ዛፍ በጉም ውስጥ በነጫጭ ከረጢቶች ተሞልቶ ቆመ። መድኃኒት አልተረጨበት፣ ብዙ ወጪ አልወጣበት፤ የተለቀመ፣ የተቀቀለ፣ የተሸፈነ ብቻ። ሳህኑም ወይዘሮ ከዲጃ ቤት ደረሰ፤ ጋሼ እሸቴ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁ።

ቢላዋው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ወይዘሮ ከዲጃ አላነሱትም፤ ኮኩን እንዳለ ገመጡት።

“እንዴት ነው?”

“እንደ እሷ ጊዜ ነው” አሉ።

ጋሼ እሸቴ ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዙረው አለቀሱ።