መልቀቂያዬን የቀደመው ዳጉ

የሕክምና መምህርነቴን ልለቅ ደብዳቤዬን በኪሴ ይዤ ሎጊያ ከተማ ላይ ባጃጅ ስጠብቅ፣ አንድ የአፋር ሽማግሌ እንደ ወጉ ዳጉ፣ የመንገደኛ ወሬ፣ ጠየቁኝ። "ሥራ ልለቅ ነው፤ ሙቀቱ አማረረኝ" አልኳቸው።

"ዳጉ ላይ አይዋሽም! ሙቀቱማ ስትመጣም ነበር፣ ወላሂ" ብለው ተቆጡኝ።

አፍሬ እውነቱን አወጣሁት፦ "ሳስተምር ተማሪዎቼ ይተኙብኛል።"

ሰመራ፣ የኮሌጃችን ዲን ቢሮ ስደርስ፣ ደብዳቤውን ሳላወጣ "ተማሪ ተኛብኝ ብለህ ነው የምትሄደው?" አይለኝም! "እስኪ ነገን አስተምርና ትሰጠኛለህ" ብሎ መለሰኝ።

በማግስቱ ክፍል ስገባ ተማሪው ሁሉ ቆሟል። "ተቀመጡ" ብል የሚሰማኝ ጠፋ።

"ዶክተር፣ ከተቀመጥን እንተኛለን" አለኝ አለቃቸው።

ቆመው ተማሩ። በደብዳቤው ዛሬም እያራገብኩበት አስተምራለሁ፤ ሙቀቱስ ቢሆን መች ውሸት ሆነ?