ከፍ ያለው ኮርቻ

ከጋሉስ ወደ ሮደልሃይም በኤስባን ባቡር ስሄድ፣ ከኋላዬ አንድ አዛውንት አጠገባቸው ለተቀመጠች ሴት ሲያጫውቷት ሰማሁ።

«ብስክሌቴ ተሰረቀ ብዬ አመለከትኩ። ፖሊስ አንዱን ጎረቤቴን፣ ያገሬን ልጅ፣ ሲነዳው ያዘው።»

«ሰርቆዎት ነው?»

«ኧረ የለም! ለካ ራሴ አውሼው ረስቼዋለሁ።»

«ታዲያ አውሰውኛል አይልም?»

«ፍርድ ቤት ቀርቦ ዳኛዋ ደጋግማ ጠየቀችው። ጭጭ አለ።»

«የመኖሪያ ወረቀቱ ቢበላሽበትስ?»

«የዜግነት ቴርሚኑ፣ ቀጠሮው እኮ ወር አልቀረውም ነበር!»

«በስመ አብ! ከዚያስ፣ አባባ?»

«እዚያው ችሎት ላይ የብስክሌቱን ፎቶ አሳዩኝ። ኮርቻው ከፍ ብሏል። ልጁ ረጅም ነው፤ ስሰጠው በገዛ እጄ ከፍ እንዳደረግኩለት ያኔ ትዝ አለኝ። ተነስቼ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ፤ በነጻ ለቀቁት።»

«ግን ለምን ዝም አለ?»

«እኔም ደጅ ስንወጣ ጠየቅኩት። ‹እርስዎን በሰው ፊት ዋሹ ልበል እንዴ?› አለኝ።»



«አሁን ብስክሌቱ የት ነው?»

«እሱ ጋ ነዋ። ያን ኮርቻ ማን ዝቅ ያደርገዋል?»

ሮደልሃይም ደርሰን በሩ ሲከፈት፣ አዛውንቱ ቀድመውኝ እስኪወርዱ ቆሜ ጠበቅኩ።