ያዘመመው አትሮንስ

ክቡራትና ክቡራን፣ የእንጨት ሥራ ወርክሾፓችን ኃላፊ አቶ ለተሚካኤል፣

ይህን የጡረታ ድግስ ስላሰናዳችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዙሪክ ጎን፣ ከዲቤንዶርፍ ሦስት ሰዓት በባቡር የመጣችሁም እንዲሁ። አንዲት ዝምተኛ አሮጊት ስትናገር ለመስማት ይህን ያህል መንገድ!

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከባለቤቴ ከገረመው ጋር ጄኔቭ ስገባ የማውቀው እንጨት ማገዶ ብቻ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ እዚህ ቬርኒየ የመጣሁት ሰጋቱራ ልጠርግ ነው። ከቤተ መጻሕፍት የአናጺነት መጽሐፍ እየተዋስኩ በመዝገበ ቃላት አነብ ነበር። አቶ ለተሚካኤል አንድ ቀን አዩኝና «ወይዘሮ ተናኘ፣ ይህን ሁሉ አንብበው መጥረጊያ ይይዛሉ?» ብለው መጋዝ ሰጡኝ። ስህተቱ የእርሳቸው ነው።

መጽሐፍ ዓይንን አያስተምርም። በፈረንሳይኛ ፍሬን የሚባለውን እንጨት ታውቁታላችሁ፤ ስሙ ፍሬን ይሁን እንጂ የሚያቆመው ነገር የለም። ጥቋቁር መስመሮቹ በእርሳስ የተሰመሩ ይመስላሉ። እኛ ያሰመርነው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የእንጨቱ መስመር ከጎኑ ተነስቶ ቀስ እያለ ይሸሻል። ዓይን የቱን ይከተላል? የጎላውን! መጋዙም ዓይንን ይከተላል። ሁለቱን እንጨት ለማገጣጠም ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ምላስ ተጣምሞ ይወጣል። ምላስ ከተጣመመ ደግሞ፣ ከሰውም ታውቁታላችሁ፣ የቆመው ሁሉ ያዘምማል።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ላንሲ ያለው ጉባኤያችን አትሮንስ አዘዘ። ሥራው እዚሁ ወርክሾፓችን ለሙሳ ተሰጠ። አትሮንሱ ሲቆም ወደ ግራ አዘመመ። በመጀመሪያው እሁድ ፓስተራችን ሲሰብኩ አብረውት አዘመሙ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሉሉ «እትዬ፣ መንፈስ ወርዶባቸው ነው መሰለኝ!» አለችኝ።

ምን ልበል? «ይሆናል» አልኳት።

እዚህ ደግሞ ሳቅ ሆነ። «ሙሳ፣ ለመስጊድ ቢሆን ቀጥ አድርገህ ትሠራው ነበር!» ያላለው ማን አለ? እጃችሁን አታውጡ፤ አውቃችኋለሁ።

ሙሳ «ወላሂ፣ መስመሬን ነው የቆረጥኩት!» አለ። ማን ሰማው? «ሙሳ ዘመም» የሚል ስም አወጣችሁለት። እሱም መጋዙን አስቀምጦ ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ ሄደ። እስከ ዛሬ ሌሎች የቆረጡትን ያለሰልሳል።

ክቡራትና ክቡራን፣ የግራውን እግር የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ሙሳ ሌሎቹን እግሮች ቆርጦ ለጁምዓ ሶላት ወጥቶ ነበር። «ላግዘው» ብዬ ጀመርኩ። እሱ ያሰመረውን ትቼ የእንጨቱን ተከተልኩ። ሲጣመም አይቻለሁ? አይቻለሁ። ሙጫ ቀብቼ ገጠምኩት፤ ሙሳም ሲመለስ ራሱ ከቆረጣቸው አንዱ መሰለው። ብናገር መጥረጊያው ይመለስብኛል ብዬ ፈራሁ። ዝምተኛ ናት ትሉኛላችሁ፤ ዝምታዬ ሁሉ ግን ጨዋነት አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት እሁድ እሁድ ከዚያ አትሮንስ ፊት ተቀምጫለሁ። ስብከቱ ስለ ጽድቅም ይሁን ስለ ጾም፣ እኔ የማየው ያንን እግር ነው።

ለአቶ ለተሚካኤል ትናንት ነገርኳቸው። «ወይ ወይዘሮ ተናኘ! እኔ እኮ ጥፋቱ የአዳራሹ ወለል መስሎኝ ሁለት ጊዜ አስለክቼ ነበር!» አሉኝ።

እንግዲህ «ዘመም» የሚለው ስም ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ነው፤ ጡረታ ይዤው እወጣለሁ። የአትሮንሱን እግር እኔው እቀይራለሁ፤ አሁን በእርሳስ ሳይሆን በቢላ አስምሬ። የምቆርጥበት ጠረጴዛ ከሰኞ ጀምሮ የሙሳ ነው፤ ኃላፊያችን ፈቅደዋል። እሱ ከፈለገው።

እናንተን እግዚአብሔር ጉልበታችሁን ያጽናላችሁ። ሥራ የምትማሩ ዲፕሎማችሁን፣ የመኖሪያ ፔርሚ የምትጠብቁ ፔርሚያችሁን በጤና ያዙ። አሥሩም ጣቶቻችሁ ሳይጎድሉ ለጡረታ ያብቃችሁ። አሜን በሉ!

ሙሳ፣ አንተ ግን አሜን ለማለት አትቸኩል። ዘጠኝ ዓመት ያስጠበቅሁህ እኔ ነኝ። አሁን ተራው የእኔ ነው፤ መልስህን እጠብቃለሁ።